ለሁሉም የሚለው ሳጥን

ሰኞ 4

ቆሽቴ እርር ብሎ ነው የዋለው። ይህን ደብተር ከመሳቢያ ያወጣሁትም ለዚሁ ነው። በሆዴ ያለውን ሁሉ ለሰው ባወራው ነገ ሥራ አይኖረኝም።

የእኛ ቢሮ ያለቀለት ፕሮግራም አይሠራም። ሌሎች ፕሮግራመሮች እየገጣጠሙ የራሳቸውን ፕሮግራም የሚሠሩበትን ዕቃ ነው የምንሠራው፤ ለቤት ሠሪ በርና መስኮት እንደሚያቀርብ አናጺ ማለት ነው። ቱልኪት ይባላል። የእኔ ድርሻ የሴቲንጉ ገጽ ነው፤ በተለይ የጋራ ሴቲንግ የሚባለው። ብዙ ሰው አብሮ የሚጠቀምበትን ነገር አንዱ ሲቀይረው ሌላው ጋ ምን ይሆናል? ሦስት ዓመት ሙሉ ሌላ ነገር አላሰብኩም። አባዬ ሰው ስለ ሥራዬ ሲጠይቀው "ማብሪያ ማጥፊያ ላይ ትጨነቃለች" እያለ ነው የሚመልሰው።

ዛሬ ስብሰባ ላይ አለቃችን ተነሣና፣ ከአሁን በኋላ ማንም ሰው ሴቲንግ ሲቀይር "ለሁሉም" የሚለው ሳጥን ቀድሞ ራይት ተደርጎበት ይጠብቀው አለ። ለራሱ ብቻ የፈለገ ራይቱን ያንሣ። "ቀላል ነው" አለ። ለዚህ ሰው ቀላል ያልሆነ ነገር የለም። በልቤ አቶ ቀላል ካልኩት ዓመት አልፎኛል።

"ሰው ሳያየው ያልፋል" አልኩ።

"ሰው ያነባል።"

"ሰው አያነብም! አንተ ራስህ ምን ታነባለህ?"

ጥቂት ሰው ሳቀ። እሱ አልሳቀም። "እሷ ደግሞ ሳጥን ባየች ቁጥር ሬሳ ሳጥን ይመስላታል" አለ። ያን ጊዜ ሁሉም ሳቀ። አጠገቤ የሚቀመጠው ዝምተኛው ፕሮግራመር እንኳ ጥርሱ ታየ። ፊቴ ሲቃጠል ይሰማኝ ነበር።

ሐሳቡን ሁላችንም በምናየው የቢሮው ገጽ ላይ ለጥፎታል። የቢሮው ደንብ የታወቀ ነው፤ ሐሳብ ይለጠፋል፣ በሁለት ቀን ውስጥ ተቃውሞውን በጽሑፍ ያላስገባ እንደተስማማ ይቆጠራል።

ማክሰኞ 5፣ አውቶብስ ውስጥ

ትናንት እራት ሳልበላ ተቀምጬ ተቃውሞዬን ጻፍኩ። አራት አንቀጽ። ጥሩ ነው የወጣው፤ አንድ አላስፈላጊ ቃል የለበትም። ዛሬ አነበውና አስገባዋለሁ።

ሬሳ ሳጥን! በዚያ ሁሉ ሰው ፊት!

ረቡዕ 6

አቶ ቀላል በኮሪደር ሲያልፍ "እንዴት አደርሽ፣ ሬሳ ሳጥን?" አለኝ። እየሳቀ። የለመድነው ጨዋታ ይመስል። መልስ አልሰጠሁትም። ከዛሬ ጀምሮ ከሥራ ጉዳይ ውጪ አላናግረውም። ሲቆይ ደግሞ በሥራም ጉዳይ ለምን አናግረዋለሁ አልኩ። ሁልጊዜ እኔ ነኝ የምጮኸው፣ ሁልጊዜ እኔ ነኝ ነገረኛ የምባለው። አንድ ቀን ዝም ልበላቸውና ልያቸው።

ዝምተኛው ከሰዓት በኋላ "ምነው ዛሬ ቢሮው ጸጥ አለ?" አለኝ። ትከሻዬን ነቀነቅኩ።

ቤት ስገባ አባዬ "እህትሽ ደውላ ነበር" አለኝ። ታላቅ እህቴ ማንንም ሳትጠይቅ የሳሎኑን መጋረጃ አውርዳ ሌላ ሰቅላ ከሄደች አራት ወር ሆናት። ከዚያ ወዲህ አላናገርኳትም።

"ሰላም በላት" አልኩ።

"ራስሽ በያት። እኔ እንኳ ጡረታ ወጥቼ ስንት ጊዜዬ፣ ይሄ ኩርፊያሽ ጡረታ የሚወጣው መቼ ነው?"

በሩን ዘግቼ ገባሁ።

ሐሙስ 7

ጸደቀ። ተቃውሞ የለም ተብሎ። እሰይ! ያዩታል።

ሰኞ 25

አዲሱ ቱልኪት ወጣ። የእኛን ዕቃ ከሚገጣጥሙት አንዱ የክሊኒኮችን የክትባት ፍሪጅ የሚቆጣጠር ፕሮግራም ያለው ድርጅት ነው። ሠላሳ ስምንት ክሊኒክ። ፍሪጁ ሲሞቅ አላርም ይጮኻል፣ ነርሶቹ ስልካቸው ላይ ያዩታል። እነሱም ዛሬውኑ ወስደው ጫኑት።

ዝምተኛው ስልኩን ይዞ መጣ። በትንሽ ስክሪን ላይ ያ ሳጥን ከታች ነው ያለው፤ ገጹን በጣት ገፋ ካላደረጉት አይታይም። "አስቀምጥ" የሚለው ግን ከላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

"ይሄን አይተሽዋል?" አለኝ።

"አይቼዋለሁ።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ ጸድቋል።"

ስልኩን ኪሱ ከትቶ ሄደ። ደግሞ ምን እንድለው ነው? እኔ ብቻ ነኝ እንዴ ዓይን ያለኝ?

ሰኞ 9

ሁለት ሳምንት ምንም አልተፈጠረም። አቶ ቀላል በስብሰባ ላይ "አያችሁ፣ ቀላል ነው" አለ። ዓይኑ እኔ ላይ ነበር። እንዲሳሳት እንዴት እንደምመኝ! ይህን መጻፌ ራሱ ያሳፍራል። ግን እውነት ነው፣ እመኛለሁ።

ሐሙስ 19፣ ምሳ ሰዓት

እየቸኮልኩ ነው። ከፍሪጆቹ ድርጅት ተደወለ። ሠላሳ ስምንቱም ጋ አላርም ጠፍቷል። ካለፈው አርብ ጀምሮ። አንዱ ክሊኒክ ክትባት ሞቆበታል። ማንም አልሰማም። ስብሰባ ጠርተውናል፣ መሄድ አለብኝ።

ሐሙስ 19፣ ከእራት በኋላ

አሁን ሙሉውን ሰማሁ።

አንዲት ነርስ ናት። ክሊኒኳ ትንሽ ነው። የፍሪጇ በር ላስቲኩ ተቀድዶ አልዘጋ ስላለ ክትባቱን በሙሉ አውጥታ ሌላ ፍሪጅ ውስጥ አስገባች፤ እስካሁን ያደረገችው ሁሉ ትክክል ነው። ባዶው ፍሪጅ ግን ጠጋኝ እስኪመጣ ቀኑን ሙሉ ጮኸ። ስልኳን አወጣች፣ አላርሙን "ጠፍቶ ይቆይ" ላይ አደረገች፣ "አስቀምጥ" አለች። የራሷን ባዶ ፍሪጅ ዝም ያሰኘች መስሏት የሠላሳ ሰባቱን ሌላ ክሊኒክ አፍ ዘጋች።

ቅዳሜና እሁድ ሌላ ሰፈር መብራት ሄደ። እዚያ ያለው ክሊኒክ ፍሪጅ ሞቀ፣ አልጮኸም፣ እሁድ ማታ መብራት መጣ፣ መልሶ ቀዘቀዘ። ሰኞ ጠዋት ሲከፍቱት ቀዝቃዛ ነው፣ ማን ይጠረጥራል? እስከ ረቡዕ ድረስ ስልሳ ሦስት ሕፃናት ከተቡበት። ዛሬ ነው አንድ ሰው የሙቀቱን ሰንጠረዥ ያየው። ክትባቱ ልጆቹን አይጎዳም አሉ፣ ግን አይሠራም፤ ውኃ እንደመወጋት ነው። ሁሉም እንደገና ተፈልገው፣ ተጠርተው፣ እንደገና መወጋት አለባቸው።

ተናግሬ ነበር! በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተናግሬ ነበር!

አርብ 20

ነርሷን አገዷት። ሃያ ስድስት ዓመት የሠራች ሴት ናት፣ ጡረታ ለመውጣት አራት ዓመት ቀርቷታል። በሚመጣው ወር፣ ሐሙስ 3፣ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ትቀርባለች። ጥፋተኛ ከተባለች ትባረራለች፣ የሙያ ፈቃዷም ይነጠቃል።

አቶ ቀላል "የተጠቃሚ ስህተት ነው" አለ። ዓይን አውጣ! ደሜ ፈላ። "ሳጥኑን ማን ነው ቀድሞ ራይት ያደረገው?" አልኩት። ከስንት ጊዜ በኋላ ያናገርኩት ዛሬ ነው።

"ሁላችንም" አለ። ረጋ ብሎ። "ተለጥፎ፣ ሁለት ቀን ቆይቶ፣ ተቃዋሚ ጠፍቶ ነው የጸደቀው።"

ከዚያ ለኮሚቴው የሚላከውን የሙያ አስተያየት እኔ እንድጽፍ አዘዘኝ። ገጹን የሠራሽው አንቺ ነሽ፣ ከአንቺ የተሻለ የሚያውቀው የለም ብሎ።

ቅዳሜ 21

ተቃውሜ ነበር። ስብሰባ ላይ ተቃውሜያለሁ፣ አሥራ አንድ ሰው ሰምቷል። በጽሑፍም ጽፌያለሁ። ከእኔ በላይ የተቃወመ የለም።

አባዬ ዛሬ ያዘጋጀው ምሳ ቀዝቅዞ ቀረ። "ምንድን ነው እንዲህ የሚያንገበግብሽ?" አለኝ። ነገርኩት። መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ።

"እና ጽሑፉን ስትሰጪያቸው ምን አሉሽ?"

"አባዬ፣ አንተ የቢሮ ነገር አይገባህም" ብዬው ተነሣሁ። አርባ ዓመት አውቶብስ የነዳ ሰው ነው፣ ምኑ ነው የማይገባው? ይቅርታ እንኳ አልጠየቅኩትም።

ሰኞ 23

አስተያየቱን ጻፍኩ። አንድ አንቀጽ ነው። "ሥርዓቱ በተነደፈበት መንገድ ሠርቷል። ተጠቃሚዋ ለውጡን 'ለሁሉም' በሚለው ምርጫ አስቀምጣለች።" ፈረምኩ። አቶ ቀላል አነበበና "ንጹሕ ጽሑፍ!" አለኝ።

አንድም ውሸት የለበትም። ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ የለበትም።

ምን ላድርግ ታዲያ? እሱ ይጻፈው ብል ከዚህ የባሰ ነው የሚጽፈው።

ማክሰኞ 24

ዛሬ ውኃ ልቀዳ ስሄድ ዝምተኛውና ሌላ ልጅ ከግድግዳው ወዲያ ሆነው ያወራሉ። ዝምተኛው "እሷ ዝም ስትል ነው የተውኩት" ሲል ሰማሁ።

ተመልሶ ሲቀመጥ ወንበሬን አዞርኩበት። "ምኑን ነው የተውከው?"

ቀላ። ይህ ሰው በቀን አሥር ቃል ከተናገረ ብዙ ነው፣ ዛሬ ግን ተናገረ። "ያንን ሳጥን እኔም አልወደድኩትም ነበር። ጊዜው የሚያልቅበት ረቡዕ ዕለት ልጽፍ ቁጭ ብዬ፣ ቆይ እሷ ትጽፋለች አልኩ። አንቺ ሁልጊዜ ትጽፊያለሽ። ቀኑ ሊያልቅ ሲል ገብቼ አየሁ፣ የለም። እሷ እንዲህ ጮኻ ጮኻ ከተወችው እኔ ያልገባኝ ነገር አለ ማለት ነው ብዬ ዘጋሁት።"

"ጽፌ ነበር እኮ!"

"የት?" አለኝ።

በቅንነት ነው የጠየቀኝ። ይህ ነው ያናደደኝ። ምነው ትንሽ ተንኮል እንኳ በኖረበት!

ረቡዕ 25

ከፍቼ አየሁት። ሰባት ሳምንት ሙሉ ያልከፈትኩት ገጽ ነው፣ የት እንዳለ ግን እጄ ያውቀው ነበር። አራቱም አንቀጽ አለ። "ያልተላከ" ይላል ከላይ።

ሁለተኛው አንቀጽ እንዲህ ነው፦ "ለምሳሌ የክሊኒኮቹን ፍሪጅ እንውሰድ። አንዷ ነርስ የራሷን ፍሪጅ አላርም ለጊዜው ብታጠፋ፣ ሳጥኑን ካላየችው የሁሉንም ታጠፋለች። ይህን የሚያውቅ ሰው የሚገኘው ክትባት ከተበላሸ በኋላ ነው።"

እኔ ነኝ የጻፍኩት። ማክሰኞ ልልከው ነበር። ረቡዕ ደግሞ ያ በኮሪደር የተናገረኝ ነገር... ረቡዕ ከሰዓት ከፍቼው ነበር። አንብቤዋለሁ። አንድ ፊደል አርሜ ዘግቼዋለሁ። ረስቼው አይደለም። ረስቼው ቢሆን ምን ነበረበት!

እዚህ ደብተር ላይ "እሰይ፣ ያዩታል" ብዬ ጽፌያለሁ። ገጹን ልቀድደው ፈልጌ ነበር። አልቀደድኩትም። ማን ነው ያየው ታዲያ? አቶ ቀላል ምን አየ? ምሳውን በልቶ ቤቱ ገብቷል።

አርብ 27

ፈቃድ ጠይቄ ነርሷ ጋ ሄድኩ። ከክሊኒኩ ጀርባ ባለ አንድ ክፍል ቤት ነው የምትኖረው። ትልቅ ሴት ናት፣ ጉልበቷን ያማታል መሰል ስትነሣ ጠረጴዛ ትደገፋለች። ከየት እንደመጣሁ ስነግራት ቁጭ በይ አላለችኝም።

"ከድርጅቱ ነሽ? ደግሞ ምን ልታስፈርሚኝ ነው?"

"ምንም እትዬ። እንዴት እንዳደረጉት እንዲያሳዩኝ ነው።"

ስልኳን አወጣች። የመስተዋቱ አንድ ማዕዘን ተሰንጥቋል፣ ፊደሉን ለዓይኗ እንዲመች አተልቃዋለች። ፊደሉ ሲተልቅ ሳጥኑ ጭራሽ ወደ ታች ወርዷል፤ ሁለት ጊዜ ካልገፉት አይገኝም። ከፈተች፣ መረጠች፣ "አስቀምጥ" ላይ ልትጫን ስትል ጣቷን አቆመች።

"ቆይ፣ አንቺ ብትሆኚ ታዪው ነበር?"

"አላየውም ነበር።"

"አላየውም ነበር ነው የምትዪኝ?" ድምፅዋ ከፍ አለ። "ሃያ ስድስት ዓመት አንዲት ብልቃጥ አላበላሸሁም! እዚያ ተቀምጠው አውቃ ነው ያደረገችው ብለው ጽፈዋል። ለሁሉም ብላ መርጣለች ብለዋል። እኔ ምን መረጥኩ? ማን ነው ምረጪ ያለኝ? ያንን የጻፈ ሰው አንድ ቀን ፊት ለፊት ባገኘው!"

ፊት ለፊቷ ቆሜ ነበር። "እሺ እትዬ" ብዬ ወጣሁ። መንገድ ላይ በራሴ ላይ ጮኽኩ፤ ሰው ዞሮ አየኝ። ፈሪ! ስትቆጣ አገር የምታናውጥ፣ ሲመጣባት ምላሷ የሚታሰር!

ሰኞ 30

አቶ ቀላል ቢሮ ገብቼ አስተያየቱን መልሰው አልኩት።

"ተልኳል እኮ።"

"ሌላ እጽፋለሁ። ያልላክሁት ተቃውሞ አለ፣ እሱንም አያይዤ።"

ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። "ተይ እንጂ። እሱን ብታሳዪ ማን ነው የሚጠየቀው? እኔ አላወቅኩም ነበር። አንቺ ግን ዐውቀሽ ነበር። በጽሑፍ።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደሚያዝን ሰው፣ "እስካሁን ዝም ብለሻል። አሁንም ዝም በይ፤ ቀላል ነው" አለኝ።

ይህ ሰው ትክክል ነው። ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው። ለአንድ ደቂቃ ያህል ዝም ልል ነበር ደግሞ። ወንበሩ ጀርባ ያለውን መስኮት እያየሁ ምን ምን እንደማጣ አሰብኩ። ሥራዬን። ስሜን። ከዚያ ያቺ ሴት ጣቷን አየር ላይ አቁማ "አንቺ ብትሆኚ ታዪው ነበር?" ያለችው መጣብኝ።

"ሐሙስ እሄዳለሁ" አልኩት።

"በራስሽ ስም ነው የምትሄጂው።"

"በማን ስም ልሂድ ታዲያ!"

በሩን ስዘጋው ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። ቢያንስ እሱን በደንብ እችልበታለሁ።

ሐሙስ 3

ረጅም ጠረጴዛ፣ አምስት የኮሚቴ ሰዎች፣ ሰብሳቢዋ ነጭ ፀጉር ያላት ሐኪም። ነርሷ በአንድ በኩል ብቻዋን ተቀምጣለች፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ በሁለት እጇ ይዛ። አቶ ቀላል በሌላው በኩል። የእኔን አስተያየት ድምፁን አሳምሮ አነበበ። ስሜ ሲጠራ ነርሷ ዞራ አየችኝ። ያን አስተያየት ማን እንደጻፈው ያወቀችው ያን ጊዜ ነው።

ተነሣሁ። ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ አልኩ፣ ቃሉ ሁሉ እውነት ነው፣ ተደምሮ ግን ውሸት ነው። ሳጥኑን እሳቸው አልመረጡም፣ እኛ ነን መርጠን ያስቀመጥንላቸው፣ ከዚያም ከዓይናቸው ሰወርነው። ስልኬን አውጥቼ አሳየኋቸው። ሰብሳቢዋ ራሷ ሞከረችው። ራሷም ለሁሉም ብላ አስቀመጠች። "ወይ ጉድ!" አለች።

ከዚያ ያልተላከውን ተቃውሞ አነበብኩ። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ሰብሳቢዋ እጇን አነሣች።

"ይህ የተጻፈው መቼ ነው?" አለች ሰብሳቢዋ።

ቀኑን ነገርኳት።

"ይህን ያህል አስቀድመው አውቀው ከነበረ፣ ለምን አላስገቡትም?"

ስመጣ አውቶብስ ውስጥ ደህና ደህና መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ኢንተርኔት ተቋርጦ። ሥራ በዝቶብኝ። ቀኑ አልፎብኝ። ማንም አይመረምረውም ነበር።

"አኩርፌ ነው" አልኩ።

"ምን አሉ?"

"አኩርፌ። አለቃዬ ስብሰባ ላይ አሹፎብኝ ነበር፣ ሰው ሳቀብኝ። ጽፌ ጨርሼ ሳልልከው ቀረሁ። ሲሳሳቱ ማየት ፈልጌ ነበር።"

አንዱ የኮሚቴ ሰው ሳል ያዘው። ጸሐፊው ብዕሩን አንሥቶ "ይሄን ምን ብዬ ልያዘው?" ብሎ ሰብሳቢዋን ጠየቃት።

"እንዳለችው" አለች። ሲጽፍ የብዕሩ ድምፅ ይሰማኝ ነበር።

ነርሷን ጥፋት የለባትም ብለው ወደ ሥራዋ መለሷት። አቶ ቀላል ሲወጣ፣ እስክንጠራሽ ቢሮ አትምጪ አለኝ።

ኮሪደር ላይ ነርሷ ጠበቀችኝ። የምታመሰግነኝ መስሎኝ ነበር፣ እግዜር ያሳያችሁ።

"አኩርፈሽ?" አለችኝ።

"አዎ እትዬ።"

"የእኔ ልጅ ብትሆኚ በጥፊ ነበር የማጮልሽ።"

"ይገባኛል።"

"አይገባሽም። ከስልሳ ሦስቱ ዘጠኙ እስከ ዛሬ አልተገኙም። ስልካቸው አይሠራም፣ ቤት ለቅቀዋል፣ እናት ሥራ ናት። እዚያ ክሊኒክ ያሉት ሰው የላቸውም። እኔ ቅዳሜ ልፈልጋቸው እወጣለሁ። ሁለት ሰዓት እዚያ ክሊኒክ በር ላይ ከተገኘሽ ተገኚ፣ ካልተገኘሽም ኩርፊያሽን ይዘሽ ቤትሽ ተቀመጪ።"

አርብ 4

ቢሮ የለም። አባዬን ይቅርታ ጠየቅኩት። "ለየትኛው?" አለኝ፣ እየሳቀብኝ። እህትሽ ደውላ ነበር አለ ደግሞ። ስልኩን አነሣሁ፣ ቁጥሯን አየሁት፣ መልሼ አስቀመጥኩት። አሁንም እልህ ይዞኛል። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ቅዳሜ 5

ዝናቡ ሌሊቱን ዘንቦ መንገዱ ጭቃ ነበር። ክትባቱ ያለበትን የበረዶ ሳጥን እኔ ተሸከምኩ፣ ነርሷ ዝርዝሩን። ከጉልበቷ ጋር እየታገለች ከእኔ ትቀድማለች። የመጀመሪያው ቤት ተዘግቷል። ሁለተኛው ቤት ሌላ ሰው ገብቶበታል። ሦስተኛው ልብስ ሰፊ ቤት ጀርባ ነው፤ አንዲት ወጣት እናት እጇ ሳሙና እንደሆነ ብቅ አለች፣ አልጋ ላይ የሰባት ወር ወንድ ልጅ።

ነርሷ ነገረቻት። ክትባቱ ተበላሽቶ እንደነበር፣ ልጁ እንደገና መወጋት እንዳለበት።

"የማን ጥፋት ነው?" አለች እናትየዋ።

ነርሷ ሲሪንጁን ማዘጋጀት ጀመረች።

"የእኔ" አልኩ።

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። "ሐኪም ነሽ?"

"አይደለሁም። ኮምፒውተር ላይ ነው የምሠራው።"

"ኮምፒውተር ላይ ተቀምጠሽ የእኔን ልጅ እንዴት አገኘሽው?"

ነገርኳት። ሳጥኑን፣ ሳቃቸውን፣ ያልተላከውን ጽሑፍ። ስናገረው እንዴት አጭር ነገር ነው! እሷ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ታባርረኛለች ብዬ ወደ በሩ አንድ እግሬን መልሼ ነበር።

"እኔ ሲወጋ ማየት አልችልም" አለች። "ባለፈው አክስቴ ናት የያዘችልኝ። ዛሬ አንቺ ያዢው።"

ልጁን ሰጠችኝና ወደ ግድግዳው ዞረች። ከባድ ነው፣ ሙቅ ነው። አያውቀኝም፣ ግን አላለቀሰም። የኮቴን ቁልፍ ይዞ ሳቀልኝ፣ ሁለት የታች ጥርስ አለው። ነርሷ "ጠበቅ አድርጊው፣ እግሩን እንዳያወራጭ" አለችኝ። ጠበቅ አደረግኩት። መርፌው ሲገባ ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቆመ፣ ከዚያ አፉን ከፍቶ ጮኸ። ነርሷን አላያትም። ያደረግኩት እኔ ነኝ ብሎ ነው መሰል፣ እኔን እኔን እያየ ነው የጮኸው።

ስምንት ቀሩ።